«የእነሱ ዘር ይንቀጠቀጣል» ተባልን፤ ለእጮኛዬ ልንገረው?

ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነው። ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ሰኞ ገበያ አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ ልብስ ሰፍቷል። ከሦስት ዓመት በፊት የቀኝ እጁ አውራ ጣት መንቀጥቀጥ ሲጀምር የደሴ ብርድ ነው አልን። ቆይቶ ግን በመርፌ ቀዳዳ ክር ማስገባት አቃተው። የደንበኛ ልክ የሚመዘግብበት ደብተር ላይ ጽሕፈቱ እያነሰ እያነሰ ሄዶ እኔ እንኳ ማንበብ ተሳነኝ። አምና አዲስ አበባ ወስደነው ፓርኪንሰን ነው ተባለ። አሁን 58 ዓመቱ ነው። ሱቁን ዘግቶ ቤት ተቀምጧል።

ሌቮዶፓ የሚባል መድኃኒት ታዞለት ጠዋት ጠዋት ከፉል ጋር ይወስዳል፤ አንዳንድ ቀን ይሠራለታል፣ አንዳንድ ቀን እንዳልወሰደ ነው። ስለሚያቅለሸልሸው ጎረቤታችን የሰጠችውን ፕላሲልም ይውጣል።

የአባቴ አባትም እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር ይባላል። እጮኛዬ ከረመዳን በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። አክስቱ ግን ሰፈራችንን ስለሚያውቁ «የእነሱ ዘር ይንቀጠቀጣል» ማለታቸውን ሰማሁ። እሱ የሚያውቀው አባቴን ትንሽ እንዳመመው ብቻ ነው። እናቴ «ኒካህ ሳይታሰር ትንፍሽ እንዳትይ» ብላኛለች። ባለፈው ሳምንት ከፈረቃ ወጥቼ ሐረጎን በሚኒባስ ስንወጣ የግራ እጄ ጣት ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የጂን ምርመራ የሚባል አለ አሉ፤ ላድርግ? ለእጮኛዬስ ልንገረው? የምወልዳቸው ልጆችስ? አባቴ የሙሽራ ልብሴን በእጁ እንደሚሰፋልኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ይነግረኝ ነበር፤ አሁን ስለሱ ማንሳት ትቷል።

የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ከደሴ

አብሽሪ እህቴ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ዘር ብዙ ጽፈሻል፤ ስለ አባትሽ መድኃኒት የጻፍሽው ግን ሁለት መስመር ነው። እኔን ያስደነገጡኝ እነዚያ ሁለት መስመሮች ናቸውና ካላስቀየምኩሽ ከእነሱ ልጀምር፤ የሰርጉ ነገር ይደርሳል።

ስለ ፕላሲሉ ዛሬውኑ ሐኪማቸው ጋ ደውሉ፤ እስከዚያው አይድገሙት። ፓርኪንሰን የሚመጣው ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያመርቱት የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ሲሄዱ ነው። ሌቮዶፓው የሚሰጣቸውም አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን እንዲለወጥ ነው። ፕላሲል ደግሞ ዶፓሚን ሥራውን እንዳይሠራ በር ይዘጋበታል፤ ፓርኪንሰን የሌለበትን ሰው እንኳ አንዳንዴ ያንቀጠቅጠዋል። ጎረቤታችሁ በክፋት አላደረጉትም፤ አቅለሸለሸኝ ለሚል ሰው ከየቤቱ መሳቢያ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ምናልባትም የሚያቅለሸልሻቸው ራሱ ሌቮዶፓው ይሆናል። ለፓርኪንሰን ታማሚ የሚስማማ ሌላ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ስላለ ሐኪሙ ይዘዝላቸው።

ቀጥሎ ፉሉ። ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚሻገረው ከምግብ ከሚገኘው ፕሮቲን ጋር በአንድ በር እየተጋፋ ነው። ጠዋት መናኸሪያ የአዲስ አበባ አውቶቡስ በሩን ሲከፍት ያለውን ግፊያ አስቢው። ፉል፣ እንቁላል ወይም ሥጋ አብሮ ከገባ መድኃኒቱ ውጭ ይቀራል። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ ይወሰድ የሚሉት ለዚህ ነው። ባዶ ሆድ ካስቸገራቸው ቁራሽ ዳቦ ትበቃለች። የሚገርምሽ ነገር፣ ባቄላ ራሱ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለበት፤ እሸቱ ደግሞ ይብሳል። (ይህን የሰማ ዘመድ «ኪኒኑን ትታችሁ ባቄላ አብሏቸው» እንዳይላችሁ አደራ፤ በአንድ ሳህን ውስጥ ምን ያህል እንዳለ የሚለካ የለም።) አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን የሚጠፋባቸው ነገር ከዚሁ ከቁርስ ሳህን የመጣ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ በድንገትም አታቋርጡት፤ አደጋ አለው። ረመዳንን እንዴት እንደሚያሳልፉትም ወሩ ሳይገባ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ለታመመ ሰው የተፈቀደውን አባትሽ ከእኔ የተሻለ ያውቁታል።

አንድ ሥራ ልስጥሽ። ያንን የልክ ደብተር አውጪና ባዶ ገጽ ላይ ለሁለት ሳምንት ጻፊ፤ ኪኒኑን ስንት ሰዓት ወሰዱ፣ ስንት ሰዓት ምን በሉ፣ እጃቸው የተፈታው መቼ ነው፣ ተመልሶ የታሰረውስ? ለሐኪም ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። የድሮዎቹን ገጾችም አትጣያቸው። የጽሕፈት ማነስ የዚህ ሕመም አንዱ ምልክት ስለሆነ፣ ቁጥሮቹ ማነስ የጀመሩበትን ዓመት ብታገኚ ሕመሙ ከጣታቸው በፊት ደብተራቸው ላይ ታይቶ ይሆናል።

አሁን ወደ ዘሩ።

አክስትየዋ እንዲህ ያሉት «ዘር» የምንለው ቃል ከመጠን በላይ ስለሚሸከም ይመስለኛል። ማሳ ላይ የሚበተነውም ዘር ነው፣ የሰው ትውልድም ዘር ነው፣ አሁን ደግሞ ጂኑንም ዘር እንለዋለን። ገብስ የዘራ ገብስ ነው የሚያጭደው፤ ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ አባት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ይወልዳል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ጂን እንደዚያ አይሠራም።

በአንቺው ሙያ ላስረዳሽ። ጂን ፋብሪካ ውስጥ ፓተርን የምትሉት ነው፤ ልብሱ የሚቆረጥበት ልክ። ልብሱ ደግሞ ፕሮቲኑ ነው። አልፋ-ሳይኑክሊን የሚባል ፕሮቲን በሁላችንም አንጎል ውስጥ አለ፤ ነርቮች መልእክት በሚለዋወጡበት ጫፍ ላይ ሥራ አለው። 140 አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎች ደቡብ ኢጣሊያ ውስጥ ካለችው ኮንቱርሲ የመጣ፣ በየትውልዱ ፓርኪንሰን የሚይዘው አንድ ትልቅ ቤተሰብ ሲያጠኑ 53ኛዋን ዶቃ ተለውጣ አገኟት። አንዷን ብቻ። በእሷ የተነሳ ፕሮቲኑ እርስ በርሱ መጣበቅ ይቀናዋል፤ ውሉ እንደጠፋ ልቃቂት ተወሳስቦ ሕዋሱ ውስጥ ይከማቻል። ልቃቂት ተወሳስቦብሽ ስትጎትቺው ይባስ የሚጠብቅበትን ጊዜ ታውቂዋለሽ። ይህም እንዲሁ ነው፤ የተወሳሰበው ደህናውን እየሳበ ያወሳስበዋል። በ2003 ደግሞ የአንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ጉዳይ ታወቀ። ፓተርኑ አንዲት ስህተት አልነበረችውም፤ ግን ቅጂው ስለበዛ ፕሮቲኑ ከልክ በላይ እየተመረተ ያው ውስብስብ መጣ።

እስካሁን ያልኩት ሊያስፈራሽ ይችላል፤ ቀጣዩን ደግሞ ስሚኝ። በታማሚዎች አንጎል ሕዋስ ውስጥ የሚገኙ፣ ሌዊ የሚባል ሐኪም በ1912 የገለጻቸው ድብልብል ክምችቶች አሉ። በዚያው በ1997 ሲመረመሩ የተሞሉት በዚሁ በአልፋ-ሳይኑክሊን ሆኖ ተገኘ፤ ያውም በዘራቸው ምንም ታሪክ በሌላቸው ታማሚዎች ዘንድ። ፓተርኑ ደህና ሆኖም ክሩ ሊወሳሰብ ይችላል ማለት ነው። ዕድሜ አለ፣ እንደ ፓራኳት ያሉ የእርሻ ኬሚካሎች አሉ፣ ገና ያልተፈታም ብዙ ነገር አለ። ከፓርኪንሰን ታማሚዎች ውስጥ በቤተሰባቸው ሌላ ታማሚ አለ የሚሉት ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ናቸው፤ ሕመሙ ከአንድ ጂን ብቻ የመጣባቸው ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ።

ሌሎች ጂኖችም አሉ፤ ሁሉንም ልዘርዝርልሽ አልፈልግም። ፓርኪን እና ፒንክ-ዋን የሚባሉት ፕሮቲኖች ያረጁ የሕዋስ ኃይል ማመንጫዎችን ጠርገው የሚያስወጡ ናቸው። የአባትሽ ሱቅ ወለል ለወር ሳይጠረግ ቁርጥራጩ ቢከማች ማለት ነው፣ እነሱ ሲጎድሉ የሚሆነው። ይህ ዓይነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ በወጣትነት የሚጀምር ሲሆን፣ የተበላሸው ቅጂ ከእናትም ከአባትም መምጣት አለበት። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አያቶቻችን ጂን የሚባል ነገር ሳይሰሙ ሁለት ተመሳሳይ ቅጂ እንዳይገናኝ ያደርጉ ነበር። አባትሽ በ55 ዓመታቸው ስለጀመራቸው ይህ የእሳቸው ታሪክ አይመስልም። ኤል-አር-አር-ኬ-2 የሚባለው ደግሞ ፔዳሉ እንደተጣበቀ የስፌት መኪና ከልክ በላይ የሚሠራ ፕሮቲን ይሰጣል፤ በሰሜን አፍሪካ ዐረቦችና በርበሮች ዘንድ በብዛት ይታያል። አንድ ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ጂኑን ተሸክመው ዕድሜ ልካቸውን ሳይታመሙ የሚኖሩ ግን ብዙ ናቸው። ፓተርን ተቀበሉ እንጂ ሕመም አልተቀበሉም።

ወደ አንቺ ላምጣው። ከ100 ሰው በዕድሜው ዘመን ፓርኪንሰን የሚይዘው 1 ወይም 2 ሰው ነው። አባቱ ወይም እናቱ የታመመበት ሰው ዕድሉ ከዚያ በሁለት፣ በሦስት እጥፍ ከፍ ይላል። ከፍ ብሎም፣ እንዳንቺ ካሉ 100 ልጆች ከ90 በላይ የሚሆኑት አይታመሙም። የአባትሽ ጂን ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ከዚህ የጠበበ ቁጥር ማንም ሊሰጥሽ አይችልም።

የአያትሽን ነገር ግን ዝም ብለሽ አትቀበዪው። የአባትሽ እህት ወይም ታላቅ ወንድም ካሉ፣ ቡና ሲፈላ ጠጋ በይና እንዲህ ጠይቂያቸው፦ አያቴ እጃቸው የሚንቀጠቀጠው ሲኒውን ወደ አፋቸው ሲያነሱ ነበር ወይስ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ሲቀመጡ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ በአብዛኛው የሚብሰው እጅ ሲያርፍ ነው። ሲኒ ሲያነሱ፣ ሲጽፉ፣ ውሃ ሲቀዱ ብቻ የሚመጣና በሁለቱም እጅ የሚታይ ከሆነ ሌላ፣ በጣም የተለመደ፣ ብዙ ጊዜ በቤተሰብ የሚሄድ መንቀጥቀጥ አለ። ፓርኪንሰን አይደለም። ቡናው በቢጃማቸው ላይ ይፈስ ነበር ካሉሽ አንድ ነገር ነው፤ እርምጃቸው አጭር ነበር፣ እጃቸውን ሳያወዛውዙ ነበር የሚሄዱት ካሉሽ ሌላ ነው። ሁለት ሰዎች እጃቸው ተንቀጠቀጠ ማለት አንድ ሕመም ወረሱ ማለት አይደለም፤ የአክስትየዋም ወሬ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

የአንቺስ ጣት? ፈረቃውን ሙሉ ጨርቅ ስትገፊ ውለሽ፣ በሚንቀጠቀጥ ሚኒባስ ሐረጎን እየወጣሽ፣ ጭንቀት አብሮሽ ተሳፍሮ ያየሽው ነው። በ26 ዓመት ፓርኪንሰን እጅግ ብርቅ ነው። ድካም፣ ቡና፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የታይሮይድ ችግር ሁሉ እጅን ያንቀጠቅጣሉ። ካልለቀቀሽ ግን ሳትፈሪ ሐኪም ይይሽ፤ ምናልባት የታይሮይድ ደም ምርመራ ብቻ ይበቃሻል። ስንት ጊዜ ነው እጅሽን ዘርግተሽ ስታዪው የዋልሽው? ሁሉም ሰው እጁን ዘርግቶ ካፈጠጠበት ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

የጂን ምርመራውን በተመለከተ የእኔ ሐሳብ አሁን ይቅር ነው፤ ምክንያቴን ልንገርሽና ራስሽ መዝኚው። አንደኛ፣ ዛሬ «አለብሽ» ብትባዪ ሕመሙ እንዳይመጣ የሚያደርግ መድኃኒት የለም። ሁለተኛ፣ ቤተሰብ ውስጥ ምርመራ የሚጀመረው ከታመመው ሰው ነው። የአባትሽ ሳይታወቅ የአንቺ ቢመረመር «ምንም አልተገኘም» የሚለው መልስ ምንም አይነግርሽም። ሦስተኛ፣ ጥናቱ ለብዙ ዓመት ያተኮረው አውሮፓውያን ላይ ነበር። ጂ-ቢ-ኤ-1 የተባለው ጂን ላይ በአፍሪካውያን ዘንድ የሚታይ አዲስ ለውጥ የተዘገበው ገና በ2023 ነው፤ ናይጄሪያውያን በብዛት በተሳተፉበት ጥናት። ለሌላ ሕዝብ ተለክቶ የተቆረጠ ልብስ አንቺ ላይ ልክ ይመጣል ማለት አይቻልም። አንድ ቀን የነርቭ ሐኪሙ ለአባትሽ ይጠቅማል ካለ ያኔ ሌላ ወሬ ነው። ልጅ ለመውለድ ግን ይህን መጠበቅ የለብሽም።

እጮኛሽን ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። እናትሽን እረዳቸዋለሁ፤ ከተማውን ያውቁታል፣ ወሬ የስንቱን ሰርግ እንዳፈረሰ አይተዋል። የምትደብቁት ነገር ግን አክስቱ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ ያለሽ ምርጫ ከአንቺ ይስማ ወይስ ከአክስቱ የሚለው ብቻ ሆኗል። ከኒካህ በኋላ ቢሰማ የሚከፋው ሕመሙ ሳይሆን መደበቁ ነው፤ አንቺም በእሱ ቦታ ብትሆኚ እንዲሁ ይሰማሽ ነበር መሰለኝ። ይሰማሽ ነበር?

ሌላም ምክንያት አለ፣ ትንሽ የሚመስል። ፓርኪንሰን የፊት ጡንቻን ይገታል፤ ፈገግታ ይጠፋል፣ ድምፅ ይቀንሳል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አባትሽ በልባቸው ደስ ብሏቸው ፊታቸው እንደ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ሕመሙን የማያውቅ ሽማግሌ «ልጁን አልወደዱትም» ብሎ ነው ከቤታችሁ የሚወጣው። እጮኛሽ ካወቀ ግን አስቀድሞ ሹክ ይላቸዋል፤ እናንተም ኪኒናቸው የሚሠራበትን ሰዓት ከደብተሩ አይታችሁ ቀጠሮውን በዚያ ታደርጋላችሁ።

ብቻ ሕመሙ የአባትሽ ነውና መጀመሪያ እሳቸውን አስፈቅጂ። ብቻቸውን ስታገኚያቸው «አባዬ፣ ለልጁ ልነግረው ነው፤ ምን ብዬ ልንገረው?» በያቸው። ከዚያ እሱን ረጋ ባለ ቦታ፣ ስልክ ላይ ሳይሆን ፊት ለፊት፦ «አባቴ ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ ሕመም አለበት፤ ሦስት ዓመቱ ነው። በንክኪ አይተላለፍም፣ አብዛኛውን ጊዜም በዘር አይመጣም፤ የእኛ ቤት የትኛው እንደሆነ ገና አላወቅንም። ከእኔ እንድትሰማው ስለፈለግኩ ነው።» ይኼው ነው። ይቅርታ አትጠይቂበት፤ ጥፋት አልሠራሽም። ከዚያ ዝም በይና ጊዜ ስጪው። ወዲያው መልስ ካጣ ያልወደደ እንዳይመስልሽ፤ እኛም ሦስት ዓመት ፈጅቶብናል በይው። ቢሸሽስ? ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሽሽም። ግን የሚሸሸው ከምንድን ነው፣ ከሕመሙ ነው ወይስ ከአክስቱ ምላስ? ይህን ለይተሽ ብትሰሚው ለአንቺም ይጠቅምሻል።

አባትሽ ሱቅ ዘግተው ቤት መቀመጣቸውን ሳላነሳ አላልፍም። ድብርት ከዚህ ሕመም ጋር አብሮ ይመጣል፤ መታከምም ይችላል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ይስማው። እግር ማንቀሳቀስ ደግሞ ለፓርኪንሰን ከመድኃኒቱ ጎን የሚቆጠር ነው። በየቀኑ እስከ ሱቁ ድረስ ይሂዱ፣ ባይከፍቱትም። አዲስ አበባ ስትወርዱም የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት አለና ጎራ በሉ፤ እንደሳቸው ያለ ሰው ሲያዩ ብዙ ይቀላቸዋል።

የሙሽራ ልብሱን ነገር ደግሞ አንቺው አንሺው። እሳቸው የማያነሱት ስላፈሩ ነው እንጂ ስለረሱት አይደለም። ደብተሩ እጃቸው የሚፈታበትን ሰዓት ከነገረሽ በዚያ ሰዓት ሜትሩንና ጠመኔውን አቀብያቸው፤ ልኩን እሳቸው ይውሰዱ፣ መቁረጫውንም እሳቸው ያስምሩ። መቀሱንና መኪናውን አንቺ ያዢው፤ ከጎንሽ ተቀምጠው ስፌትሽን ያርሙሽ። ልኩን ሲጽፉት ትልቅ ትልቅ አድርገው እንዲጽፉ መስመር ባለው ገጽ ላይ አስጽፊያቸው፤ ይህ ለእጃቸውም ልምምድ ነው።

አያትሽ ሲኒ ሲያነሱ ይሁን እጃቸውን ሲያሳርፉ፣ የተባለውን ጽፈሽ ላኪልኝ።